በባንዲራ ምሰሶ ቀለም የተሳለች ወፍ

ወፏን የሳልኳት በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው። በእኛ ትምህርት ቤት ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ተተርትሮ ይታጠብና ከላይና ከታች ቀጭን ዘንግ ገብቶለት የማስተማሪያ ሥዕል ይሆናል። የልብ ክፍሎችም፣ የአበባ ክፍሎችም፣ የአገራችን ካርታም የተሳሉት እንደዚህ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ከጀርባ ያለው የፋብሪካ ጽሑፍ ተገልብጦ በልቡ ውስጥ ይታያል። ልጆቹ ለምደውታል።

ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ወር ነበር። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምሬ ስጨርስ ኮቸሬ ወረዳ ደረሰኝ፤ ትምህርት ቤቱ ከጨለለቅቱ ከተማ ሽቅብ አርባ ደቂቃ ያህል በእግር ያስኬዳል። ያደግኩት ሜዳና ብርድ በበዛበት በደብረ ብርሃን አካባቢ ስለሆነ፣ ሁሉም ነገር ከሌላ ነገር ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር አላውቅም ነበር። እዚህ ቡናው ከእንሰቱ ጎን፣ እንሰቱ ከዛፉ ሥር፣ ቤቱ ከሁሉም ሥር ነው። ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው ጫካ ነው፤ ጠጋ ሲሉት ግን ጢስ ይወጣዋል፣ ውሻ ይጮኽበታል።

ባለአራት ቀለም እስክሪብቶ ነበረኝ። ሰማያዊው ለትምህርት ዕቅድ፣ ጥቁሩ ለስም መጥሪያ፣ አረንጓዴው ለማበረታቻ፣ ቀዩ ለእርማት። የሂሳብ መምህሩ፣ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት እዚያ ያስተማረ ሰው፣ እስክሪብቶዬን ባየ ቁጥር «እህቴ፣ ቀዩ ቀድሞ እንዳያልቅብሽ» ይለኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስለ ዓለም ደኖች የሚያወራ ምዕራፍ አለ። መጽሐፉ ስለ ደቡብ አሜሪካ ተራሮች ደን አንድ መስመር ብቻ ጽፎ ያልፋል። ለእኔ አንድ መስመር አይበቃኝም። ዲላ እያለሁ በዚያ ደን ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ አንብቤ፣ ሥዕሏን በስልኬ አስቀምጬ ነበር። አናቷ ጥቁር፣ ጀርባዋ ግራጫ፣ ሆዷ ቢጫ ነው። በዓይኗ ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ስላላት መነጽር ያደረገች ትመስላለች። ረዘም ያለ ጅራቷን እንደ ማራገቢያ እየዘረጋች ትዘላለች፤ ከቅጠል ሥር የተደበቁት ነፍሳት ደንግጠው ሲወጡ ትለቅማቸዋለች። ደኑ ተራራ ላይ ነው፣ ጉም አለበት፣ ከበታቹ ሰዎች ቡና ያለማሉ። ስለዚህ ለኮቸሬ ልጆች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም ብዬ አሰብኩ። «ባለመነጽሯ» ብዬ ስም አወጣሁላት።

የቀለሙን ነገር ላስረዳ፤ በኋላ ይጠቅማል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የነበረው ቀለም የባንዲራው ምሰሶ ሲቀባ የተረፈው ነው፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ግራጫ ስላልነበረኝ ጀርባዋን አረንጓዴ ቀባሁት። ለአናቷ ከሰል ሞከርኩ፤ ከረጢቱ ላይ አልይዝ አለኝ፤ እሱንም አረንጓዴ አደረግሁት። ቢጫው ሆዷን እንደጨረሰ አለቀ። መነጽሯ ስለቀረ ከግድግዳው ኖራ ትንሽ በውኃ በጥብጬ በነጭ አከበብኩላት። ጅራቷን ግን እንደ ሥዕሉ ረጅም አድርጌ ሠራሁት። ራቅ ብዬ ሳያት ኮራሁ። ዋናው ሐሳቡ ነው አልኩ።

ሥዕሉን የሰቀልኩ ዕለት ክፍሉ ዝም ብሎ ሰማኝ። ስለ ጉሙ ነገርኳቸው፣ ስለ ጅራቷ ነገርኳቸው፣ እጄን እንደ ማራገቢያ ዘርግቼም አሳየኋቸው። ከዚያ ከመስኮቱ አጠገብ አንድ እጅ ተነሣ።

ልጅቷን ላስተዋውቅ። በሦስት ወር ውስጥ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስሟን ስጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ «አቤት» አትልም። እቤት የምትናገረው ጌዴኦኛ ነው፤ እኔ ደግሞ የማስረዳው በአማርኛ ነበር። ደብተሯ ንጹሕ ነው፣ መልሷ ትክክል ነው፣ አፏ ዝግ ነው። ያለፉት አስተማሪዎቿም እንደዚያው እንደሚያውቋት ነግረውኛል። እና ያ እጅ የእሷ ነበር።

«ቲቸር።»

«እሺ፣ ተነሽና ተናገሪ!»

«ይሄ ወፍ እኛ ጓሮ አለ።»

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ጠመኔውን አስቀምጬ መቀመጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ።

«ጎበዝ፤ ግን ይህች ወፍ ያለችው ደቡብ አሜሪካ ነው። ከእኛ እስከዚያ ድረስ ግማሽ አፍሪካ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ሙሉ ውቅያኖስ አለ። ‹ይመስላል› ማለት እንችላለን፤ ‹አለ› ማለት ግን አንችልም። ልዩነቱ ገባሽ?»

ሥዕሉን እንደገና አየችው። ጊዜ ወስዳ ነው ያየችው።

«አለ» አለች።

«በምን መጣ?» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ፣ የክፍሉ ቀልደኛ።

«በኢሱዙ!» አለ ሌላው። «ቡና ሊጭን መጥቶ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ረጅም ሳቅ አልነበረም፤ ግን ልጅቷ ያን ጊዜ የምታየው እነሱን ሳይሆን እኔን ነበር። ቁጭ አለች።

ለልጆቹ ደቡብ አሜሪካ ማለት ኳስ ነው። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት ስሟ «ብራዚል» ሆኖ ጠበቃት። «ብራዚል፣ ኳሱን አቀብዪን!» «ብራዚል፣ ወፍሽ ቪዛ አለው?» ዓርብ ዕለት አጭር ፈተና ሰጠሁ። አራተኛው ጥያቄ በሥዕሉ ላይ ያለችው ወፍ የት እንደምትኖር ይጠይቃል። ልጅቷ «ቤታችን ጓሮ» ብላ ጻፈች። በቀዩ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁበትና፣ አልበቃ ብሎኝ፣ በኅዳጉ ላይ ስለ ውቅያኖሱ ሁለት መስመር ማብራሪያ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም። ስም መጥሪያው ላይ በስሟ ትይዩ «ቀ» የሚለው ፊደል እየተደረደረ ሄደ።

«ቡና ነው» አለኝ የሂሳብ መምህሩ። «በለቀማ ጊዜ ግማሹ ክፍል ይቀራል። ቡናው ሲያልቅ ይመለሳሉ፤ አትጨነቂ።»

እውነት ነው፣ ሌሎችም ቀርተው ነበር። ግን አብራት የምትቀመጠው ልጅ ደብተር ልታስረክብ ስትመጣ ጠረጴዛዬን በጣቷ እየፋቀች ቆመች።

«ቲቸር፣ እሷ ቡና ሲያልቅም አልመጣም ብላለች።»

«ለምን?»

«ብራዚል ስለሚሏት። ደግሞ…»

«ደግሞ ምን?»

«ቲቸርም ስቃለች አለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤቷ ሄድኩ። መንገዱ እስከሚፈቅድ በሞተር፣ ከዚያ በእግር። እውነቱን ለመናገር ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አልሄድኩም፤ በደንብ ላስረዳትም ነበር። ልጅቷ የተከፋችው ስላልገባት መስሎኝ ነበር። ሥዕሉን ጠቅልዬ በብብቴ ይዣለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ የዓለም ካርታ አለ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ካርታ ተሸክሜ ስወርድ የሚያዩኝ ሰዎች መሬት ልለካ የመጣሁ ሳይመስላቸው አልቀረም።

እናትየው ከቡናው መሐል ቅርጫት በወገቧ እንዳሰረች ወጣች።

«ግቢ፣ ግቢ። ጭቃው እንዳይጥልሽ። የወፉ አስተማሪ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ልጅ ነሽ እንዴ! ልጄ ስታወራ እኮ ትልቅ ሴትዮ ነበርሽ።»

ልጅቷ ከአንድ እንሰት ጀርባ ቆማ ነበር። ከሰፊው ቅጠል ሥር እግሯ ብቻ ይታየኛል። ጠራኋት፤ እግሩ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ትምህርት ሂጂ እላታለሁ» አለች እናትየው፣ እጇ ቡናውን እየለቀመ። «እሷ ግን ሬኮ እሄዳለሁ ትላለች። አክስቷ እዚያ ቡና ማጠቢያው ጋ፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ትለቅማለች። ከእሷ ጋር ልሁን ትላለች። እዚያ እጅ ነው የሚሠራው፣ አፍ አይጠየቅም አለችኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔማ እንድትማር ነው የምፈልገው። ግን ልጅ በገመድ ታስሮ ትምህርት ቤት አይሄድ። አክስቷ ልትወስዳት መጥታ ነበር። ልጄ ናት ወፎቹ ሳይወጡ አልሄድም ያለችው።»

«የትኞቹ ወፎች?»

እናትየው በአገጯ አመለከተች። በዙሪያው ያለው የቡና ዛፍ ሁሉ ተለቅሞ አረንጓዴ ብቻ ቀርቷል። መሐሉ ላይ አንድ ዛፍ ግን ቀይ ፍሬውን እንደያዘ ነው፤ ጥቂቱ እንዲያውም ጠቁሮ መድረቅ ጀምሯል። ከአንዱ ቅርንጫፉ ላይ ከእንሰት የወጣ ነጭ ቃጫ ታስሯል።

ነገሩን እናትየው እየለቀመች ነገረችኝ። በእነሱ ቤት፣ ከባሏ አያት ጀምሮ፣ ቡና ዛፍ ላይ ጎጆ ያገኘ ልጅ ቃጫ ያስርበታል። ቃጫ የታሰረበት ዛፍ አይነካም፤ ለቃሚ ቅርንጫፉን ሲያጎብጠው ጎጆው ይደፋላ። ዛፉም ያሰረበት ልጅ ንብረት ነው የሚሆነው። በየቀኑ ያያል፣ እንቁላል ነው፣ ተፈልፍሏል፣ ላባ አውጥቷል ብሎ ይናገራል። ጫጩቶቹ ሲወጡ ራሱ ይፈታዋል። እስከዚያ አባትም ቢሆን አይለቅምም። ፍሬው ደርቆ ጀንፈል ቢሆንም ግድ የለም፤ ለቤት የሚጠጣው ቡና ከዚያ ነው።

«ታዲያ ልጁ ቢሳሳትስ?» አልኩ። «ሳይወጡ ወጥተዋል ቢልስ?»

እናትየው እጇ ቆመ። «እሷ? እሷ ተሳስታ አታውቅም። አባቷ ዘንድሮ እኮ ሦስት ጊዜ ጠይቋት ሦስት ጊዜ ገና ነው ስትለው ተመለሰ።»

በዚህ ጓሮ ውስጥ አንድ ሙሉ ሰው ቅርጫቱን ይዞ በዚህች ልጅ ቃል ይመለሳል። እኔ ክፍል ውስጥ ያው ቃል ሁለት ጊዜ ተነግሮኝ ሁለት ጊዜ ውቅያኖስ አሳየሁ።

ልጅቷ ከእንሰቱ ጀርባ ወጣች። ምንም ሳትናገር እጄን ይዛ ወሰደችኝና ከታሰረው ዛፍ ጥቂት ርቀት ላይ፣ ከወደቀ ግንድ ላይ አስቀመጠችኝ። አጠገቤ ተቀመጠች። እኔም ጀመርኩ፦

«ይኸውልሽ፣ ብዙ ወፎች ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሳይንቲስቶችም እንኳ አንዳንዴ…»

«ቲቸር» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ዝም በይ። አይመጣም።»

ዝም አልኩ። ለእኔ ቀላል አልነበረም። ከታች ከሸለቆው የወንዙ ድምፅ ይሰማል፤ ከበላያችን የጥላው ዛፍ፣ ኮርቹ፣ ቀይ አበባውን አንድ አንድ እያለ ይጥላል። ብዙ ቆየን። እግሬ ደነዘዘ። ከዚያ ከኮርቹ ላይ የቀጠነ ጥሪ መጣና ሁለት ትንንሽ ወፎች እየተከታተሉ ወረዱ። አንደኛው ቃጫው የታሰረበት ቅርንጫፍ ላይ አረፈ፤ በአፉ አባጨጓሬ ይዟል።

ጀርባው አረንጓዴ ነው። አናቱ አረንጓዴ ነው። ጉሮሮው ቢጫ ነው። ዓይኑን ደግሞ አንድ ሰው ኖራ በጥብጦ ያከበበው የመሰለ፣ የተስተካከለ ነጭ ቀለበት ዞሮታል።

ከጎጆው ውስጥ ሦስት አፎች ተከፈቱ።

ወፎቹ ሲሄዱ ሥዕሌን ቀስ ብዬ ፈታሁና ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ግራጫ ያልነበረው ቀለሜ፣ ያልያዘው ከሰሌ፣ ያለቀው ቢጫዬ። ከደቡብ አሜሪካ ተራራ አንዲት ወፍ አመጣለሁ ብዬ ተነሥቼ፣ በባንዲራው ምሰሶ ትራፊ ቀለም የዚህን ጓሮ ወፍ ስዬ፣ ክፍል ውስጥ ሰቅዬ፣ ያወቀቻትን ልጅ ተሳስተሻል አልኳት።

የቀለሙን ታሪክ በሙሉ ነገርኳት። ስልኬን አውጥቼ እውነተኛዋን ባለመነጽር አሳየኋት። ስልኩን አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ ጎጆውን አየች።

«ይሄ ሌላ ነው» አለች ስልኩን እያመለከተች።

«አዎ፣ ሌላ ነው። ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ለመሳል ያሰብኩትን ነው ያየሁት፤ አንቺ የተሳለውን አየሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አንገቷን ደፋች። ከዚያ ጣቷን በሥዕሉ ጅራት ላይ አደረገች።

«ጭራው ግን በዝቷል።»

«አይተሽው ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን ያኔ አልተናገርሽም?»

«ቲቸር ሥዕል አትችልም ብዬ ነው» አለች፤ እናትየው ከቡናው ውስጥ ሳቋ አመለጣት። ልጅቷም ሳቀች፣ እኔም። በዚያ ወር ውስጥ ከሳቅሁት ሳቅ ሁሉ ያ ይሻላል።

ስነሣ «ሰኞ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«ወፎቹ ገና ናቸው» አለች። ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅሁም። ወፎቹ ሲወጡ ወደ ትምህርት ቤት ሽቅብ መሄድም፣ ወደ ሬኮ ከአክስቷ ጋር መሄድም የእሷ ምርጫ ነበር።

ሰኞ ሥዕሉን እንደገና ሰቀልኩና ለክፍሉ ሁሉንም ነገርኩ። አራተኛውን ጥያቄ ለሁሉም እንደምሰርዝ፣ የእሷን ብቻ ግን ልክ እንደማደርግ ስናገር፣ የኋላ ወንበሩ ቀልደኛ እጁን አነሣ።

«ቲቸር፣ እሷ የለችም እኮ። ለማን ብለሽ ነው የምትነግሪን?»

«ለሳቅነው» አልኩት። «እናንተ ስቃችኋል፣ እኔም ስቄያለሁ።»

እጁን አወረደ።

ማክሰኞ «ቀ»። ረቡዕ «ቀ»። ሐሙስ ጠዋትም ጥቁሩን እስክሪብቶ ይዤ «ቀ» ከጻፍኩ በኋላ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲል በሩ ተንኳኳ። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ገባች፣ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና የተጨማደደ ነጭ ቃጫ አስቀመጠችልኝ።

«ሄዱ» አለች።

«እነማን ናቸው የሄዱት?» አለ አንድ ልጅ።

ወደ እኔ አየች። ለማስረዳት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። ወንበሬን ይዤ ከክፍሉ ጀርባ ሄጄ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ለመስኮቱ ነበር የምትናገረው። አማርኛው ሲያጥራት በጌዴኦኛ ትሞላዋለች፤ ክፍሉ ይረዳታል፣ እኔ ግማሹን እከተላለሁ። ጎጆው በሸረሪት ድር እንደሚሰፋ ነገረቻቸው። የመጀመሪያው ጫጩት ጠዋት እንደወጣ፣ ሦስተኛው ፈርቶ ቅርንጫፉን ሙጭጭ ብሎ እንደቆየ፣ እናቱ አባጨጓሬ በአፏ ይዛ ከሩቅ እንደጠራችው፣ ለዚህም እንደዘገየች።

«አክስትሽስ?» አለች አብራት የምትቀመጠው ልጅ።

«ሄደች።»

ክፍሉ ወዲያው ጥያቄ በጥያቄ ሆነ። «ብራዚል» ያላት አልነበረም። ጥያቄው ሲያልቅ ደግሞ የራሷን አመጣች።

«ቲቸር፣ የዚያኛው ወፍ ጎጆስ የት ነው?»

አላውቅም አልኳት። አስተማሪ ሆኜ ይህን ቃል ክፍል ውስጥ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ማታ ጨለለቅቱ ወርጄ ኔትወርክ ሳገኝ አነበብኩ፤ በማግስቱ ነገርኳቸው። ባለመነጽሯ ጎጆዋን የምትሠራው ዛፍ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው፤ በተራራው ተዳፋት፣ ከሣርና ከቅጠል ሥር፣ ጣሪያ አበጅታ።

ልጅቷ አሰበችበት።

«መሬት ላይ?» አለች። «ሰው ይረግጠዋላ። ታዲያ ቃጫ ማን ያስርላቸዋል?»

ይህንንም አላውቅም ነበር። ሁሉም ወደ እኔ አየ።

«እዚያም ልጆች አሉ አይደል?» አለ የኋላ ወንበሩ ቀልደኛ። አልቀለደም።

ልጅቷ ዞራ አየችው፤ ከዚያም «እሺ» ብላ ቁጭ አለች።